ወንድሜና ፈላስፋ የሚለው ቃል

ወንድሜን ወንዳወቅን ቡሬ ገበያ ላይ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ፈላስፋው» ይሉታል። በርበሬ ይሸጥ ነበር። ገዥ ሲመጣ ከመመዘኑ በፊት ጨዋታ ስለሚጀምር፥ አጠገቡ የምትሸጠው ንግሥቴ ትቆጣዋለች።

«አንተ ፈላስፋ፥ ሰዎቹን ልቀቃቸው እንጂ! በርበሬው እስኪነቅዝ ልታወራ ነው?»

«ፈላስፋ ማለት ወሬኛ ማለት አይደለም፥ ንግሥቴ።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«ልንገርሽ ብጀምር ገበያው ይፈታብሻል።»

ንግሥቴ ትስቃለች። እሱ አይስቅም ነበር። በዚህ ቃል ምክንያት የደረሰበትን ከእኔ ከእህቱ በቀር ገበያው ላይ የሚያውቅ የለም።

ወንዳወቅ የቅኔ ተማሪ ነበር። ገበዝ ማርያም አጠገብ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። አብሮት ክንፈሚካኤል የሚባል የደንበጫ ልጅ ነበር። በአንድ ጎጆ አድረው፥ በአንድ አኮፋዳ ለምነው፥ አንዱ ሲታመም ሌላው የሁለቱንም እየለመነ ነው ያደጉት። ክንፈሚካኤል በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ቤታችን ሲመጡ እናታችን «ልጆቼ» እንጂ «ልጄና ጓደኛው» ብላ አታውቅም።

አንድ ቀን መሪጌታው ስለ ጥንት ፈላስፎች ሲያስተምሩ ወንድሜ «ቃሉ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ። «ከግሪኮቹ ነው፤ የቀረውን ራስህ ፈልግ» አሉት። ፈለገ። መጽሐፍ አላቸው የተባሉ ሰዎችን እየጠየቀ ባሕር ዳር ድረስ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ያገኘው ይህን ነው፤ ፊሎስ ወዳጅ ነው፥ ሶፊያ ጥበብ ናት። ቃሉ በዐረቦች አፍ አልፎ ነው ወደ ግዕዝ የገባው። ፒታጎረስ የሚባለውን የጥንት ሰው «አንተ ጠቢብ» ቢሉት እንቢ አለ ይባላል። «ጠቢብስ አምላክ ብቻ ነው፤ እኔ የጥበብ ወዳጅ ነኝ» አለ። ወንድሜ ይህን ባገኘበት ሳምንት እህል እንኳ በደንብ አልበላም፤ ደስታው አጥግቦት ነበር።

መሪጌታው ሲሞቱ ወንበራቸው ባዶ ሆነ። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ በማርያም በዓል ዕለት ተማሪዎቹ ቅኔ እንዲያበረክቱ፥ ብልጫ ያሳየውም ወንበሩን እንዲይዝ ወሰነ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያ ወንበር ሌላ የተመኘው ነገር አልነበረም። ስለዚያ ቃል መወድስ የሚባለውን ቅኔ ቆጠረ።

የቅኔ ሰው ቅኔውን ሳያቀርብ ለማንም አይነግርም። አንድ ጊዜ በጉባኤ የተባለ ቅኔ አለቀ፤ ሌላው ቀርቶ ባለቤቱም አይደግመውም። ወንድሜ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ከቤታችን እስከ ደብሩ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ለበዓሉ ስንሄድ ለክንፈሚካኤል ነገረው።

«የቅኔዬ የመጨረሻ ቤት አልጠነከረልኝም፤ እስቲ ስማኝ» አለው።

እኔ ስንቃቸውን ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ። ግዕዝ አላውቅም። የግሪኩን ሰው ታሪክ ግን በአማርኛ ሲያስረዳው ሰማሁ። ክንፈሚካኤል ቆሞ ቅኔውን አስደገመው። እንደገና አስደገመው።

«ወንዴ፥ አንዲት ቃል እንዳትነካ» አለው።

በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ክንፈሚካኤል በዕድሜ ስለሚበልጥ ቀድሞ ተጠራ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜአለሁ። ሲቀኝ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» አሉ። ምሥጢሩን እንዲፈታ ሲጠይቁት ያንኑ የመንገዱን ታሪክ ሰማሁ። ወንድሜን ፈልጌ አየሁት። አንገቱን ደፍቶ የመቋሚያውን ጫፍ ያያል።

«ወንዳወቅ!» ተባለ።

ተነሣ። «አባቶቼ፥ ዛሬ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።

ፈርቶ ነው ብለው አዘኑለት።

ስንመለስ «ልናገር፤ እኔ ሰምቻለሁ» አልኩት።

«ግዕዝ የማታውቅ እህቱን ምስክር ጠራ ይሉኛል። ተዪው» አለኝ። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ፥ ሳልጠይቀው፥ «ወዳጅ የሚለውን እኮ እኔ ነኝ የነገርኩት» አለ። ከዚያ ወዲያ አንሥቶት አያውቅም። ክንፈሚካኤል ወንበሩን ይዞ የኔታ ሆነ። ወንድሜ ቡሬ ወርዶ በርበሬ ነጋዴ ሆነ፤ እኔም ተከተልኩት።

ዓምና ወንድሜ በጉበት በሽታ ሞተ። አርባውን ስናወጣ ክንፈሚካኤል ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። ሰዉ ዳሱ ውስጥ እንደተቀመጠ «የኔታ፥ እስቲ አንድ ነገር ይበሉን» አሉት።

«ወንዳወቅን ፈላስፋው ትሉት ነበር አሉ» ብሎ ጀመረ። «ቃሉ ቀላል አይደለም። እኔ መርምሬ ለተማሪዎቼ እንደማስተምረው፥ ፊሎስ ወዳጅ ነው…» ሶፊያንም አለ፥ ዐረቦቹንም አለ፥ እንቢ ያለውንም ሰው አለ። ተማሪዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እኔ የእጅ ውኃ ይዤ ቆሜ ነበር።

«የኔታ፥ ይህን ከማን ተማሩት?» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የፈለግሁት የወንድሜን ስም እንዲጠራ ብቻ ነበር። ወንበሩ ይቅርለት። ያ ሁሉ ሰው የሳቀበት ቃል የማን ልፋት እንደሆነ አንድ ጊዜ ከአፉ ቢሰማ ይበቃኝ ነበር።

«ከመጻሕፍት ነው፥ እህቴ» አለ።

ውኃ ላፈስለት ጎንበስ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ነግሮሽ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«መንገድ ላይ ከኋላችሁ ነበርኩ፥ የኔታ።»

እጁ ውኃው ሥር ቆመ። ማንቆርቆሪያው እስኪያልቅ አፈሰስኩለት። ቀና ብሎ ሰዉን አየ፥ ተማሪዎቹን አየ። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እጁን በነጠላው ጫፍ አደራረቀና ማዕዱን ባረከ።

«የወዳጄን ነፍስ ይማርልን» አለ።

ሰዉ ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ፤ ለወንድሜ ብዬ።