ፓፓ ማቩንዛ የሞረዱት ብሎን

የሉኬሎን ነገር እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገራል? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱቋ ደጃፍ የከሰል ምድጃዬን ዘርግቼ ሚካቴ ስጠብስ ኖሬያለሁ። ንጊሪ-ንጊሪ ሰፈር ውስጥ የኔን የተጠበሰ ሊጥ ያልበላ ሙዚቀኛ የለም፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ተራው እስኪደርስ መብላቱ አይቀርም። ስለዚህ ያየሁትን አይቻለሁ።

ከሱቁ በር በላይ ያለው ሰሌዳ እስከዛሬ «ዲያሉንዳ፣ የጊታር ሐኪም» ነው የሚለው። ዲያሉንዳ ባሏ ነበር፤ ከሞተ አራት ዓመቱ። ነፍሱን ይማረውና ጨዋ ሰው ነበር፣ ጆሮውም ጆሮ ነበር። ዓይኑ ግን ከእሱ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው የሞተው። አንዱን ሽቦ ከሌላው መለየት ሲያቅተው፣ የባቡር መካኒክ ልጅ የሆነችው ሉኬሎ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ የብየዳ ካውያውን ያዘች። እሷ ትበይዳለች፤ እሱ ጊታሩን መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያ «መዝጋት የኔ ሥራ ነው» ብሎ ይቀበላትና ክዳኑን በዳበሳ ያስራል። ለደንበኛው የሚያስረክበው እሱ፣ ምስጋናውንም የሚቀበለው እሱ።

እኔ እበግናለሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለምን አትናገሪም?» እላታለሁ።

«ዲያሉንዳ ታወረ ከተባለ ደንበኛ ይሸሻል። ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች። እኔም ምላሴን ነክሼ ኖርኩ። ከሞተ በኋላም ያው ነው፤ ወንዶቹ ሥራ የሚያመጡላት የባሏን ዕቃ የምትጠብቅ መበለት ናት ብለው አዝነውላት እንጂ አምነውባት አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፓፓ ማቩንዛ ጊታራቸውን እንደታመመ ልጅ አቅፈው መጡ። የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወንድማቸው ሐዘን ይወጣል፤ ጥቁሩ ይወልቃል፣ ቢራ ይከፈታል፣ ይጨፈራል። ወንድማማቾቹ ሠላሳ ዓመት በአንድ ባንድ ጎን ለጎን የተጫወቱ ናቸው። ወንድምየው አልጋ ላይ ሳለ ማቩንዛ «የምሸኝህ በዚችው ጊታር ነው» ብለው ቃል ገብተውለታል። ጊታሯ ደግሞ ጠዋት ስትሞከር ጭጭ አለች።

«ውስጧ ሽቦ ተቆርጧል» አለች ሉኬሎ፣ ነካ ነካ አድርጋ። ገለበጠቻት። ከጀርባዋ ያለው የብረት ክዳን በአራት ብሎን ታስሯል፤ የአራቱም ራስ ልሙጥ ነው። ካቻቪቴ የሚገባበት ስንጥቅ የለም። ጣቷን አሳለፈችበትና ቀና አለች። «ይሄ በካቻቪቴ የተበላ አይደለም። በሞረድ ነው። ማነው የሞረደው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ማቩንዛ ደረታቸውን ነፍተው። «የዛሬ ሰባት ዓመት ዲያሉንዳ ሠርቶ ሲሰጠኝ የወጣት ድምፅ አወጣች። ሌላ እጅ እንዳይገባባት ያኔውኑ ቤቴ ወስጄ ሞረድኳቸው። በዚህ ሰፈር የሰው ድምፅ ሊሰርቅ ጊታር የሚከፍት ስንት ጉድ አለ መሰለሽ።»

እኔ ሉኬሎን አየኋት። እሷ ብሎኑን ታያለች።

«እንግዲህ መክፈት አለብኝ» አለች።

«ክፈቻት፣ ምን አማራጭ አለኝ። ግን ማማ ሉኬሎ፣ የዲያሉንዳን ካቻቪቴ የያዘ ሁሉ ዲያሉንዳ አይሆንም። እንጨቷ ብትሰነጠቅ ያን ሰሌዳ እኔ ራሴ ነኝ የማወርደው። የሱን ስም ማንም አያበላሽም።»

ጭልፋዬን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። ሉኬሎ በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

ሦስቱን በሴጌቶ ምላጭ ራሳቸው ላይ አዲስ ስንጥቅ እያወጣች ፈታቻቸው። አራተኛው ግን ወደ ውስጥ ሰምጧል፤ ምላጩ አይደርስበትም። የሰባት ዓመት የጭፈራ ላብ ገብቶበት ዝጓል።

«ትራፓኖ የለሽም?» አሉ ማቩንዛ።

«መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ቢኖርም እዚህ ጋ እንጨቱ ስስ ነው፣ አልበሳውም።»

ሰባት ሰዓት ሆነ። የማቩንዛን ግንባር ላብ ቸፈፍ ያደርገዋል፤ ፉከራቸው ሁሉ ጠፍቷል። «ቃል ገብቼለት» ይላሉ ለራሳቸው። ያኔ እውነቱን ለመናገር አሳዘኑኝ።

ሉኬሎ ወደ እኔ መጣች። «ድስትሽን አንሺ።»

«ዘይቴ ገና አሁን እኮ ነው የጋለ።»

«አንሺ አልኩሽ።»

አነሳሁ። ሹል ብረት ፍሙ ውስጥ ከተተች። ቀለሙ እንዳይነካ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጣ ብሎኑ ዙሪያ አነጠፈች። የጋለውን ብረት የብሎኑ ራስ ላይ አስደግፋ ቆየች፣ አነሳች፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። እንደገና አጋለች። አራት ጊዜ። በአምስተኛው ዝገቱ ቀጭ ሲል እኔም ሰማሁት። ከዚያ የተሳለ ምስማር የብሎኑ ጠርዝ ላይ ወደ ግራ አዘንብላ በትንሿ መዶሻ ታንኳኳ ጀመር። ማቩንዛ ፊታቸውን አዙረዋል። መዶሻው አንድ ጊዜ ቢስት አለቀላት፤ ሰሌዳውም ስሟም። እጇ ግን ንቅንቅ አላለም። ብሎኑ እንደ ሰነፍ ልጅ እያንገራገረ ተንቀሳቀሰ፤ ቀና ሲልላት በፒንሳ ይዛ አወጣችው። እንጨቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

ማቩንዛ ክዳኑን ራሳቸው አነሱት፤ የዲያሉንዳን ሥራ መጀመሪያ እኔ ልየው ብለው ይመስለኛል። ገለበጡት። ከውስጥ በኩል በእርሳስ ተጽፎበታል። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ናቸው፤ አንዱ ያንዱ ጫንቃ ላይ ወጥቷል። የማያይ ሰው ጽሕፈት ነው። ጮክ ብለው አነበቡት፦

«የሉኬሎ ሥራ። ዲያሉንዳ ዘጋው።»

ደግመው በሆዳቸው አነበቡት። ሉኬሎ ወንበሯን ዳብሳ ተቀመጠች። «መዝጋት የኔ ሥራ ነው ይለኝ ነበር» አለች። «ከዚህ በፊት የበየድኩት ተመልሶ መጥቶ ስለማያውቅ ክዳኑን አንድ ቀንም ከውስጥ አይቼው አላውቅም።»

ስንት ጊታር ነው በዚህ ከተማ ስሟን በሆዱ ይዞ የሚዞረው? ይሄን ሳስብ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። አሥራ አራት ዓመት የነከስኩት ምላሴ ያን ቀን ተፈታ፤ ለመንገደኛው ሁሉ ስለፈልፍ ዋልኩ።

ማቩንዛ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ዘብ የቆምኩት ላንቺ እጅ ነው?»

«ለእኔው ነው ፓፓ። ግን ሽቦው ይበየድ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

በዚያው ብረት፣ በእኔው ፍም በየደችው። በባትሪ በሚሠራው ድምፅ ማጉያ ስትሞክራት ጊታሯ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤት አስወጣች። ሉኬሎ ክዳኑን ከመግጠሟ በፊት እርሳሱን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ፣ ከዲያሉንዳ መስመር ሥር ጻፈች፦ «ሉኬሎ ሠራችው። ሉኬሎ ዘጋችው።» አራት አዳዲስ ብሎን አሰረችበት።

እኔ እንደሆነ ነገር ቶሎ አይበርድልኝም። «ፓፓ ማቩንዛ፣ ሞረድ ላቀብልዎት?» አልኳቸው።

ጊታራቸውን አነገቱ። «ተዪኝ አንቺ ነገረኛ» አሉ። «ያኔ የሞረድኩት ሠሪው አንድ ቀን ሞቶብኝ ሌላ እጅ ይገባባታል ብዬ ነው። ሠሪዋ ይኸው ቁጭ ብላለች።»