ጸናጽሉ ብቻውን ሲቀር

መጀመሪያ የሄዱብኝ ወፎቹ ናቸው። መቼ እንደሄዱ ግን አላውቅም። ሰው ጥርሱ ሲወልቅ ያውቃል፣ እግሩ ሲሰበርም ያውቃል፤ የወፍ ድምፅ ከጆሮው ሲወጣ ግን ተሰናብቶ አይወጣም። ከፋብሪካ በተመለስሁ በሳምንቱ፣ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ሁለት ሰዓት በእግር በምትርቀው መንደራችን፣ ወላጆቼ ደጅ ቁጭ ብዬ ግራሩን አያለሁ። አንዲት ትንሽ ወፍ ቅርንጫፉ ላይ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ጉሮሮዋ ይርገበገባል። ድምፅ የለም። ጭጋጉ ከገደሉ እየተነሣ ዛፉን ቀስ እያለ ሸፈነው፣ ወፏም አብራ ጠፋች። ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ፈራሁ።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም እንደ አገሩ። ይህን ጆሮ የሠሩት እሳቸው ናቸው። በልጅነቴ ፊታቸው ቁጭ አድርገው ያንኑ አንድ ዜማ ቀኑን ሙሉ ያስደግሙኝ ነበር። ስሳሳት አይቆጡም፣ አይናገሩም፤ ምላሳቸውን አንድ ጊዜ ጠቅ ያደርጋሉ። ከዚያች ጠቅታ በኋላ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። ለማንም ስሕተት አያልፉም። አንድ ጊዜ ከሌላ ደብር የመጡ ትልቅ እንግዳ ማኅሌት መካከል ቢስቱ፣ የኔታ ያችኑ ጠቅታ ለቀቁባቸው፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ በእኛ በኩል አያልፉም ይባላል።

እኔ ግን ትዕግሥት አልነበረኝም። መሬቱም ለሦስት ወንድማማች አልበቃ አለ። ድጓውን ከግማሽ በላይ ከዘለቅሁ በኋላ ተነሥቼ ሩቅ ከተማ ሄድሁና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ። የሽመና ክፍል ነበር የደረሰኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቆየሁ።

በረዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው፣ ግን አያባራም። በመጀመሪያው ቀን ራሴን ይዤ ልወጣ ነበር። ሠራተኛው እዚያ ውስጥ በአፉ አያወራም። እጅ ወደ አፍ ከሄደ ምሳ ደርሷል ማለት ነው፤ ሁለት ጣት ትከሻ ላይ ካረፈ አለቃው እየመጣ ነው። ሐሜቱ ሳይቀር በከንፈር ነበር የሚነበበው፤ ያውም ከየትኛውም አገር ሐሜት የጣፈጠ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጩኸቱ ውስጥ ሥርዓት መስማት ጀመርሁ። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ምት አለው። አንዱ ይቸኩላል፣ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ያነክሳል። ክር ሊበጠስ ሲል የማሽኑ ድምፅ በጣም ትንሽ ከፍ ይላል፤ እኔ ይህን ቀድሜ ሰምቼ እደርስ ነበር። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ጆሮዬን በጣቱ ያሳያል፣ ይስቃል። የኔታ የሠሩት ጆሮ ነው እያልሁ እኮራለሁ። ቢጫ የጆሮ መድፈኛ ሰጥተውን ነበር። አጠገቤ የምትሠራው ሴት ሁልጊዜ ታደርገዋለች፤ እኔ ኪሴ ውስጥ አኖርሁት። ጆሮ ያለው ሰው እንዴት ጆሮውን ይደፍናል?

ከዚህ የባሰም አድርጌአለሁ። ማንም የማይሰማኝ መሆኑን ሳውቅ በማሽኖቹ መካከል ሙሉ ድምፄን አውጥቼ ማዜም ጀመርሁ። ግእዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን፣ የማውቀውን ዜማ ሁሉ፣ እንዳልረሳው። የጥጡ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ማሽኖቹ ምት ይሰጡኛል፣ እኔ አዜማለሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አዚሜ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ከፋብሪካው ጣሪያ ሥር ሆኜ የደብራችን ቅጥር ግቢ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ጆሮዬ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ይሄድ የነበረው በዚያው ሰዓት ነው።

ከዚያች ወፍ በኋላ ወገዳ ሄጄ ያገኘኋት የጤና ባለሙያ ስታስረዳኝ፣ ቀድመው የሚሄዱት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው አለችኝ፤ የሄደው ደግሞ አይመለስም። መድፈኛውን ታደርግ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ሥራውን ትቼ አገሬ ከገባሁ ወዲህ፣ መንገድ ላይ ከኋላዬ ሰላምታ የሚሰጠኝን ሳልመልስ ሳልፍ፣ ከተማ ገብቶ ኮራ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ ተባልሁ። ደንቆሮ ከመባል ኩሩ መባል ይሻለኛል ብዬ ዝም አልሁ። ወንዱን ሁሉ እንደምንም እሰማዋለሁ፤ ሴቱንና ሕፃኑን በከንፈር አነባለሁ። ዓይኔን እስካልጨፈንሁ ድረስ ደህና ነበርሁ። የምደብቀው ግን ከመንደሩ አልነበረም፤ ከየኔታ ነበር። እሳቸው በሕይወታቸው ያተረፉት ነገር ቢኖር ሰው ጆሮ ውስጥ ያስቀመጡት ነው። የእኔን አውጥቼ ጣልሁት ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው?

ጥር ላይ የደብራችን ንግሥ ደረሰ። በዋዜማው የኔታ ጠሩኝና ከመሶቡ ጀርባ ከተሰቀለው ማኅደር ውስጥ የራሳቸውን ጸናጽል አውጥተው ሰጡኝ። እጀታው በእጃቸው ላብ ጠቁሯል፤ ከሚንሿሹት የብረት ቅጠሎቹ አንዷ የተሰነጠቀች ስለሆነች ድምፁ ከሌላው ይለያል።

«ለከርሞ ጉልበቴ አይታመንም» አሉኝ። «ዘንድሮ ፊት ለፊቴ ቁም። ቦታዬን የምለቅለት ሰው ልየው።»

ተቀበልሁ። ነቀነቅሁት። ዝም አለ።

ረፋዱ ላይ ታቦቱ ወጣ። ወረቡ ሜዳው ላይ ተጀመረ፤ በቀኝ አንድ ሰልፍ፣ በግራ አንድ ሰልፍ፣ መካከል ላይ ሁለት ከበሮ። እኔ ከየኔታ ትይዩ ሆኜ እጃቸውን ነው የማየው፤ ሲያነሡ አነሣለሁ፣ ሲያወርዱ አወርዳለሁ። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸው ሲርገበገብ አያለሁ፤ እልልታው እንደ ወፏ ነው፣ የለም። ከበሮው ግን ነበር። ከመሬት ተነሥቶ በእግሬ ገባ፣ ደረቴ ላይ ደረሰ። ምቱ እየፈጠነ ሲሄድ ፋብሪካው ትዝ አለኝ፣ ያ ብናኝ፣ ያ ብርሃን። የማልሰማው ጸናጽል እጄ ውስጥ እንደ ነፍስ ያለው ነገር ይንቀጠቀጣል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ቤቴ ገባሁ አልሁ በልቤ። እንባዬ መጣ፣ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ስገልጥ የኔታ ጸናጽላቸውን እየመቱ ነበር። ሰልፉም ሁሉ እየመታ ነበር። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ፣ እኔም አወረድሁ። ተወጣሁት አልሁ። ያን ቀን የበላሁት ድፎ ዳቦ ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

በማግስቱ እናቴ ሽምብራ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሥራዋን ትታ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ሳልነግራት ከንፈሯን ማየት እንደምፈልግ ታውቅ ኖሯል።

«ትናንት ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ።

«ምን ሆንሁ?»

«ኧረ አንተ ልጅ! ሰዉ ሁሉ አቁሞ እኮ አንተ ብቻህን ቀረህ። ጭው ባለ ሜዳ ያ ጸናጽል ብቻውን ሻል ሻል ሲል። ታቦቱን የያዙት ቄስም ዘወር አሉ፣ ሰውም መሣቅ ጀመረ። እኔስ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር።»

«የኔታስ?»

«እሳቸውማ...» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ መልሳም አወረደችው፣ ከንፈሯ እንዳይሸፈንብኝ ብላ። «እሳቸውማ ያወረዱትን አንሥተው አብረውህ መቱ። ሌላው ግራ ገብቶት ተከተላቸው። ወረቡ ይደገም ያሉ መስሎት።»

ትልቁን እንግዳ ያላለፉ ሰው፣ እኔን በሕፃንነቴ ለአንዲት የዜማ ነቁጥ እስከ ማታ ያስለቀሱኝ ሰው፣ በንግሥ ቀን፣ ታቦት ፊት፣ አገር እያየ፣ ሥርዓቱን አውቀው አፈረሱት። እንደዚያ ቀን አፍሬም፣ እንደዚያ ቀን ተወድጄም አላውቅም።

የኔታ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምሁና ፊት ለፊታቸው ቁጭ አልሁ።

«የኔታ፣ ጆሮዬ የለም። ፋብሪካው ውስጥ ቀረ።»

ዓይናቸውን ከገደሉ ማዶ አላነሡም። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና ቃሉን አንድ በአንድ እያወጡ ተናገሩ። «ከመጣህ ጊዜ ጀምሮ ስታንጎራጉር ትስታለህ። ጠቅ አደርጋለሁ፣ አትመለስም። መጀመሪያ የናቅኸኝ መስሎኝ አዝኜ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ።»

«ታዲያ አውቀው ለምን ጸናጽሉን ሰጡኝ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ። አልነገርኸኝም።» መቋሚያቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩት። «ብቻህን ስትቀር ደግሞ አላስቻለኝም።»

አለቀስሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ተማሪ።

«ከበሮውስ?» አሉኝ።

«ከበሮው ይሰማኛል። በደረቴ ነው የሚገባው።»

«እንግዲያው ተነሥ፣ ከበሮውን አምጣ።»

ይኸው አሁን ከሰዓት ከሰዓት፣ ግራሩ ጥላ ሥር፣ ከበሮ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ፊታቸው እቆማለሁ። ወፏ ትመጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፤ እሷን ትቼአታለሁ። የኔታ ምላሳቸውን ጠቅ ማድረግ ትተዋል። ስሳሳት በመቋሚያቸው ጫፍ ጉልበቴን ነካ ያደርጉኛል። በጣም እሳሳታለሁ። አንዱንም አያልፉኝም፤ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።