እንቁላል የነካ እጅ

ልጄ አንደኛ ክፍል የገባችው ሚሌኒየሙ ተከብሮ ብዙም ሳይቆይ ነው። ያን ዓመት ቦንጋ ውስጥ በምሳ ዕቃ ምክንያት እንደኔ የተቃጠለች እናት የነበረች አይመስለኝም። ልጅቷ አጥንቷ ይቆጠር ነበር። ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስመዝናት ነርሷ ሚዛኑን አየችና፣ "እትዬ፣ እንቁላል ይስጧት እንጂ! ይህች ልጅ ምግብ አንሷታል" አለችኝ። ዶሮ በማረባበት ቤት! አፈርኩ፤ ተናደድኩም።

በማግስቱ እንቁላል ቀቅዬ ከዳቦ ጋር ያዝኩላት። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ግን እኛ ጴንጤ ስለሆንን ነገሬም አላልኩት። መምህሯማ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ "የተመጣጠነ ምግብ ማለት ይሄ ነው" ብላ ለክፍሉ ሁሉ አሳየችው አሉ። እኔም ኮራሁ።

ምሳ ዕቃው በየቀኑ ባዶውን ይመለሳል። ልጅቷ ግን ገና ደብተሯን ሳታስቀምጥ ጓዳ ገብታ ያደረ ቆጮ ቆማ ትጎርሳለች።

"ምሳሽን አልበላሽም እንዴ?"

"በልቻለሁ።"

የበላ ሰው እንዲህ ይራባል? ትል ይሆናል ብዬ የትል መድኃኒት አጠጣኋት። ወይ ፍንክች! ጭራሽ ባሰባት።

በመጨረሻ ቢቸግረኝ በምሳ ሰዓት ከቢሮ ወጥቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የክፍሏ ሴት ልጆች ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው፣ የአንዷን ቆጮና ጎመን ከሌላዋ እንጀራ በሽሮ ጋር ቀላቅለው እየተጎራረሱ ይሳሳቃሉ። የኔዋ መሃላቸው የለችም። አጥሩ ጋ ቆማ፣ እኔ በሌሊት ተነስቼ የቀቀልኩትን እንቁላል ለዘበኛው ውሻ ታጎርሳለች።

"አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?"

ደነገጠች። "እነሱ ይጾማሉ። እንቁላል የነካ እጅ ከኛ ጋር አይበላም አሉኝ።"

"ታጠቢና ብዪ!"

"ብታጠብም ይሸታል አሉኝ።"

"ታዲያ ለብቻሽ አትበዪውም ነበር?"

"ለብቻዬ?" አለችና እንባዋ መጣ።

ብቻውን የሚበላ ስግብግብ ነው እያልን ያሳደግናት እኛው ነን።

ማታ ሌላ መላ አመጣሁ። "እሺ፣ እንቁላሉን ጠዋት እዚሁ ብዪና ሂጂ፤ ማን ያይሻል?"

"ይጠይቁኛላ! ልዋሽ?"

ውሸት ኃጢአት ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ! ነርሷ በአንድ በኩል፣ የሰባት ዓመት ልጆች ሲኖዶስ በሌላ በኩል፣ እኔ መሃል ላይ።

በማግስቱ እየተነጫነጭኩ ቆጮና ጎመን፣ ከላዩም የተቀቀለ አደንጓሬ ጠቅጥቄ ሰጠኋት። ያን ቀን ማታ እራት ሳቀርብ እጇን ሰበሰበች።

"ጠግቤያለሁ፣ እማዬ።"

ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።