ኪንታሮቴ በድምፅ ማጉያ የተጠራ ዕለት

ይህ ነገር ያስከፈለኝ ስሜን ነው። ኤረር በር ገበያ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አራት ጊዜ።

ትዝ ያለኝ ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊቴ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ነው። ወጣቷ ዶክተር ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣ "አባባ፣ የቆየ ሕመም ነበረብዎት?" አለችኝ።

"ልጄ፣ ይኼን የምትጽፊውን ማን ያየዋል?"

"ሐኪም ብቻ። የይለፍ ቃል አለው።"

ሳቅሁ። እኔ በመጀመሪያ ያየሁት የሕክምና ቴክኖሎጂ የይለፍ ቃል አልነበረውም።

በደርግ ዘመን ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር ጥግ አብሽና እርድ እቸረችራለሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ የሚሰፉት አው ዩሱፍ (ታላቅ ሰው ስናከብር አው እንላለን)፣ "ይኼ ልጅ መቀመጥ አያውቅም፣ ታታሪ ነው" ይሉኝ ነበር አሉ። ልጃቸውን ነፊሳን ልጠይቅ ሽማግሌ ለመላክ አንድ ወር ቀርቶኛል፤ ተስፋዬ ሁሉ ያቺ ቃላቸው ናት። እውነቱ ግን ኪንታሮት ነው። የማልቀመጠው ስለማልችል ነው። ነጋዴ ዕቃው ሲመሰገንለት አያርምም፤ እኔም አላረምኩም።

የበለስ ወቅት ደረሰ። በለስ ሆድ እንደሚያደርቅ እያወቅሁ አበዛሁና ሕመሙ ባሰብኝ፤ ከበሩ ወጣ ብሎ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ስሜን ስጠየቅ እንዳልታወቅ "ከማል" አልኩ። ያልሰማሁት ነገር፣ በሽተኛው እየተንጫጫ ተራውን አይሰማም ተብሎ ክሊኒኩ ያን ሳምንት ከቀበሌ ድምፅ ማጉያ ተውሷል። ጣሪያው ላይ ሲያስሩት አፉን ወደ ገበያው አዙረውታል።

"ከማል" ተባለ። ግቢው ውስጥ ትኩስ ሳምቡሳዬን ማላመጤን ቀጠልኩ። "ከማል" ደግሞ ተባለ። ይህ ከማል የት ሄዶ ነው ብዬ እኔም ዞር ዞር አልኩ። በሦስተኛው የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የወይዘሮ አስቴር ትዕግሥት አለቀ።

"ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ አንተን ነው። አብሽ የምትሸጥልኝ ዘከሪያ አይደለህም እንዴ? የኪንታሮትህ ተራ ደርሷል፣ ግባ።"

ከገበያው ሳቁ መጣ። ስመለስ በለስ ሻጯ፣ "ዘከሪያ፣ ዛሬም ቁጭ አትልም?" አለችኝ።

በማግሥቱ አው ዩሱፍ ራሳቸው ከፊቴ ቆሙ። ነፊሳ ቀረች አልኩ በሆዴ።

"ለካ ለዚህ ኖሯል የማትቀመጠው።"

"ለዚህ ነው፣ አው ዩሱፍ። አላታልልዎትም።"

"እስከ ትናንት አታለልከኝ እኮ።" እርዱን በጣታቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሐኪሙ ምን ሰጠህ?" አሉ።

"ቅባት። በለስ ተው፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተቀመጥ አለኝ።"

"ተሻለህ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው ሰባት ዓመት ሙሉ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰፉት። እንዳይታከሙ ድሮ ኀፍረት፣ አሁን ደግሞ ድምፅ ማጉያ።

"የእኔ ስም እንደሆነ አንዴ ተበላሽቷል" አልኳቸው። "አስታማሚ መስለው አብረውኝ ይምጡ። የሚጠራው የእኔ ስም ነው፣ የሚታከሙት እርስዎ።"

"የምትጠራው ሴትዮስ?"

"እሳቸውን ለእኔ ይተዉልኝ።"

ለወይዘሮ አስቴር "ስሙ የእኔ፣ ሕመሙ የሳቸው" ብዬ ሹክ አልኳቸው። ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ካርዱን በአው ዩሱፍ ስም አወጡ፤ ጥሪውን ግን በእኔ። በሦስት ሳምንት ሦስት ጊዜ "ዘከሪያ፣ ኪንታሮት" ተባለ። ተያይዘን እንገባለን፤ እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ግድግዳ እያየሁ። በለስ ሻጯ ለእኔ ዱዓ ማድረግ ጀመረች።

ሽማግሌዎቼ ሲሄዱ የነፊሳ አጎት፣ "ይኼ በየሳምንቱ የሚጠራው ልጅ ጤነኛ ነው?" ብሎ ጠየቀ አሉ።

"ወላሂ፣ ከእኔ ይሻላል" አሉ አው ዩሱፍ።

ነፊሳ እንኳ ይህን የሰማችው አባቷ ካረፉ በኋላ ነው። ልጽፈው ስጠይቃት "ጻፈው፣ ቢሰሙ ይስቁ ነበር" አለች። ዶክተሯም ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከኮምፒውተሩ አንስታ ሳቀች፤ ከዚያ "ይኼን ልመዝግበው?" አለች። የእኔን መዝግቢ፣ የሳቸውን ተይው አልኳት። የያኔው ማሽን እስከ በለስ ተራ ነበር የሚሰማው፤ ሲጮህም ሰምተህ ታፍራለህ። የአሁኑ ድምፅ ስለሌለው የት እንደሚደርስ አላውቅም፤ ልጅቷ ግን ታማኝ ትመስላለች።

ሒሳቡ ይኸው ነው፦ ሁለት ሰው ድኗል፣ አንድ ጋብቻ ተፈጽሟል፣ አራት ልጆች አሉን።