አባቴ የተሻገረው ሳር

አሰልጣኙ እርጥብ ቅጠል በመዳፉ አሽቶ አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝና፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቀስ ብዬ እንድስበው ነገረኝ። ሳብኩት። እሱ የጠበቀው ዘና እንድል ነው። የእኔ ግን ንዴቴ ከእግር ጥፍሬ ተነስቶ አናቴ ላይ ወጣ።

መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛው በሥራ ብዛት ተጨንቋል ብሎ ነው ከአርባ ምንጭ በታች፣ ምንጮቹ ወደሚፈልቁበት ጫካ የወሰደን። ሥልጠናው "በደን መታጠብ" ይባላል። ውሃ የለውም፤ ዛፍ መሃል ቀስ ብሎ መሄድ፣ መቀመጥ፣ ማሽተት፣ ማዳመጥ ነው። ከጃፓን የመጣ ጥበብ ነው፣ አእምሮን ያሳርፋል አለን አሰልጣኙ። ባልደረቦቼ ግንድ አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። እናቴ ይህንኑ ስላደረገች እብድ ተብላለች።

ልንገርህ። ያደግኩት ኦቾሎ ነው፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ የመወርወሪያው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ከቤታችን አይጠፋም። እናቴ ትፈትልለታለች። ታናሽ ወንድሜ ጫኖ ወደሚባለው ቆላ ወርዶ አክስቴ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ ወባ ይዞት መጣና ሞተብን። ከቀብሩ በኋላ እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። ምግብ ታቀርባለች፣ አትበላም። ሲያናግሯት ትሰማለች፣ አትመልስም።

ከመንደራችን ዳር እንደ ቅዱስ ቦታ የሚጠበቅ የአባቶች ጫካ ነበር። መጥረቢያ አይገባበትም፤ ጭራሮ እንኳ አይለቀምበትም። አንድ ጠዋት እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ቀረችና ፍለጋ ስሄድ እዚያ አገኘኋት፤ ጀርባዋን ለዝግባ ግንድ ሰጥታ፣ እግሯን የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ቀብራ። ጎኗ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መሃል እየተቆራረጠ ቀሚሷ ላይ ይወርዳል፤ እርጥብ አፈርና ጥድ ይሸታል፤ ከላይ ጉሬዛ ያጉረመርማል። እናቴ በጋሞኛ፣ "እዚህ ስሆን ደረቴ ይከፈትልኛል" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትሄድ ጀመር። ስትመለስ ትበላለች። አንድ ቀን እንዝርቷንም አነሳች። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ፤ እናቴ እየዳነች ነበር።

የመንደር አፍ ግን አያርፍም። ፕሮቴስታንት የሆነችው አክስቴ ቦታው የአጋንንት ነው፣ ይጸለይላት አለች። ኦርቶዶክስ የሆነው አጎቴ ደግሞ ጠበል ትግባ አለ። በጾም በጸሎት ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች፣ እናቴ አብዳለች በሚለው ላይ አንድ ሆኑ። ጭራሽ አክስቴ፣ ልጁ የታመመው እሷ ቤት መሆኑን ትታ፣ እናቱ ዛፍ ስለምታመልክ ነው የሞተው አለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው! እናቴ ወደ ጫካው መሄድ የጀመረችው እኮ ልጇን ከቀበረች በኋላ ነው።

አባቴ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ፈራ። ከዛፍ ሊያርቃት ብሎ አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራየና እንወርዳለን አለን።

በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ ጦር የያዘ ሰው እንኳ አልፎት አይሄድም። ነውር ነው። አባቴ ራሱ ስንት ጠብ በዚያ ሳር አብርዷል፤ የሚከበረውም በዚህ ነበር። ለሴት ልጅ፣ ያውም ለሕፃን፣ ወግ እንዳልሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሌላ ግን ምን ነበረኝ? በምንሄድበት ጠዋት ጤዛ ያልለቀቀው ሳር ነጭቼ ደጃፉ ላይ ተንበረከክሁ። አባቴ የሽመና ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ።

"አባ፣ ጫካዋን አትከልክላት" አልኩት።

ቆመ። ሳሩን አየ፤ ከአጥሩ ውጭ ሊሰናበቱን የመጡትንም ጎረቤቶች አየ። "ተነሺ፣ ሰው እየሳቀብን ነው" አለኝ። አልተነሳሁም። እግሩን አንስቶ ሳሩንም እኔንም ተሻግሮ ሄደ።

ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር። እኔ ግን ዛሬም እንደተቆጣሁበት ነው። ለባዕድ ጠብ የሚንበረከክ ሰው ለገዛ ሚስቱ ጆሮ አጣ።

ከተማው ውስጥ የተከራየልን የቆርቆሮ ቤት ነበር። ቀን ሙቀቱ ያፍናል፤ ከመንገድ ማዶ ወፍጮ ቤቱ ሲያጓራ ይውላል። ጸሎቱም ተሞከረ፣ ጠበሉም ተሞከረ። አልጠላቸውም፤ እሷ የፈለገችው ግን እነሱን አልነበረም። እንዝርቷን ዳግም አልነካችም። ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ከአልጋዋ እስከ ደጃፉ፣ ከደጃፉ እስከ አልጋዋ።

በሥልጠናው መጨረሻ አሰልጣኙ ምን እንደተሰማን ጠየቀን። ሰላም፣ እፎይታ፣ ይላሉ ባልደረቦቼ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ከጃፓን ዞሮ ሲመጣ ጊዜ ሁሉም አጨበጨበለት። ልጮህ ነበር። ሰውየው ምን አጠፋ ብዬ ዋጥ አደረግሁት።

እሑድ እናቴን ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ሥልጠናው ወደነበረበት ጫካ ይዣት ወረድኩ። ከትልልቆቹ ሾላዎች ጥላ ስንደርስ ክንዴን ጨብጣ ቆመች። ወደ ኋላዋ፣ ወደ መንገዱ ዞራ አየች።

"አባትሽ ፈቅዷል?" አለችኝ።

አባቴ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። እሷም ቀብሩ ላይ ከፊት ቆማ ነበር።

"ፈቅዷል እማ፣ ግቢ" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አቃጠለኝ። እሷ ግን ክንዴን ለቀቀችና ብቻዋን ገባች።