ኮሎኔል ለሚ በቀኛቸው የተዉት ቦታ

ጎረቤታችን፣ መምህራችንና የእድራችን ዳኛ ሌተና ኮሎኔል ለሚ ወልደ ሰንበት በዚህ በጥቅምት ወር አምቦ በሚገኘው ቤታቸው አርፈው በማግስቱ ተቀብረዋል። ዜናውን በጊዜው ያልሰማችሁ፣ ጎጆ ከተማም ካቺሲም አዲስ አበባም ያላችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይህን የምጽፈው ስለ እሳቸው ሁሉን ስለማውቅ አይደለም። እንዲያውም ከቀብሩ ወዲህ የማውቀው እያነሰብኝ፣ ግራ የገባኝ እየበዛብኝ ሄዷል።

ኮሎኔል የጎጆ ከተማ ልጅ ናቸው። የጦር አካዳሚው ሲከፈት ከየትምህርት ቤቱ ጎበዝ ጎበዙ ይመረጥ ስለነበር፣ እሳቸውም ከአምቦ ተመርጠው ሄዱ፤ ከመጀመሪያዎቹ ምሩቃን አንዱም ሆኑ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አምቦ ተመልሰው ሒሳብ ማስተማር ያዙ። እኔን ያስተማሩኝ ያኔ ነው። ሰሌዳ ላይ ስንሳሳት አይቆጡም፤ «መልሱን ተወው፣ የመጣህበትን መንገድ አሳየኝ» ይሉ ነበር። ገበያ ውስጥ ማዕረጋቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። «አካም ቡልታን፣ ኦቦ ለሚ» ብለው እንደ ማንኛውም አቶ እንዴት አደሩ ሲሏቸው ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ያልፉ ነበር።

ወታደርነታቸው የሚታወቀው የእድሩ ድንኳን ሲተከል ነበር። ጠላት ከበር ላይ የቆመ ይመስል ሲያጣድፉን ይቆዩና፣ «ይህ ካስማ ተጣሟል፤ ሐዘንተኛው ያየዋል» ብለው እንደገና ያስነቅሉናል። ሐዘንተኛ ካስማ አያይም ብንላቸው አልሰሙንም።

ወታደር ልጅ ለሞተበት ቤተሰብ መርዶ ነጋሪውም እሳቸው ነበሩ። አንድ ጊዜ ጎጆ አጠገብ ወዳለ ቀበሌ አብሬያቸው ሄድኩ። መርዶ በማለዳ እንደሚነገር የታወቀ ነውና ዘመዶች ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ኮሎኔል ግን አባትየው ድንች ሊቆፍር ሲወጣ አይተው ተከተሉት። መንገደኛ መስለው በኦሮምኛ ስለ ዝናቡ እያጫወቱት ሲያግዙት ቆዩ። ሰውየው ቤት ገብቶ ቁርሱን መብላት ሲጀምር የሟቹ አጎት ትዕግሥቱ አለቀና ወደ ደጅ ጠርቶ፣ «ኮሎኔል፣ ምን እስኪሆን ነው የሚጠብቁት?» አላቸው።

«ይብላ» አሉት። «ከዛሬ በኋላ መቼ እንደሚበላ አናውቅም።»

በልቶ ሲያበቃ እጁን ይዘው ነገሩት። ዘመዶቹ ሥርዓት ተጣሰ ብለው አኮረፉ። እኔም የዚያን ዕለት ከዘመዶቹ ጋር ነበርኩ፤ አሁን ግን ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአካዳሚውን ቀደምት ምሩቃን ለማክበር አዲስ አበባ ዝግጅት ተደርጎ ተጠሩ። ደጋፊ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከዘራ የያዙ፣ በልጆቻቸው ትከሻ የተደገፉ ሽማግሌዎች አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ለፎቶግራፍ ተሰለፉ ሲባሉ ግን ማንም ሳያስተባብራቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። የተሰለፉት በማዕረግ ሳይሆን፣ ከቀኝ ጀምሮ በተመረቁበት የውጤት ተራ ነው፤ ጄኔራል የነበሩት ሰው ከአንድ ሻምበል በታች ቆሙ። ኮሎኔል ለሚ ግን በቀኛቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ትተው ቀጥ አሉ።

ፎቶ አንሺው «አባባ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ይበሉ» አላቸው።

«ሰው አለበት።»

ልጁ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አፍሬ «ዕድሜ ነው» አልኩት። ከሽማግሌዎቹ ግን አንድም ሰው ጠጋ በል አላላቸውም። ፎቶግራፉ እንደዚያው ተነሣ።

ስንመለስ የጊንጪን ከተማ እንዳለፍን «በቀኝዎ ማን ነበረ?» አልኳቸው።

«ዘውዴ። በአንድ ነጥብ የበለጠኝ ጓደኛዬ። ተረሸነ።»

«እርስዎስ ያኔ የት ነበሩ?»

«እኔም እዚያው ነበርኩ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ባረፉ ዕለት እድሩ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ ወደ ጓዳ ጠርተውኝ አንድ ነገር አደራ አሉኝ። በ1981 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ዘውዴ ለፍርድ ሲቀርብ ኮሎኔል ለምስክርነት ተጠርተው ነበር። አንዳንድ ሰው ጓደኛቸውን አሳልፈው ሰጡ እያለ ያማቸዋል።

«በጓደኛው ላይ እንዳልመሰከረ ጻፍልኝ» አሉኝ።

«ነግረውዎት ነበር?»

«አንተ ብቻ ጻፈው።»

ለቀብር የመጡትን የኮርስ ጓደኛቸውን ሻለቃ ግርማን ጠየቅኳቸው። «ተከራከረለት የሚሉ አሉ፤ አስፈረደበት የሚሉም አሉ። እኔ ያኔ ራሴ እስር ቤት ነበርኩ። ስንገናኝ ብዙ ጊዜ ልጠይቀው አስቤ አፌ እንቢ አለኝ» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ተጨነቅሁ። ዝም ብል ሐሜቱን ያጸናሁ ይመስላል። እትዬ ወርቄ እንዳሉት ብጽፍ ደግሞ፣ የመጣህበትን መንገድ አሳየኝ ላሉኝ መምህር መንገዱን የማላሳየውን መልስ መጻፌ ነው። ያ በቀኛቸው የተዉት ቦታ የናፍቆት ይሁን የጸጸት፣ ዛሬም ቁርጡን አላውቅም። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሸከም ይችል ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ቆሜ ያነበብኩት ይህን ነው፦ «ለምስክርነት ተጠርተው ሄዱ። እዚያ የተናገሩትን ለማናችንም አልነገሩንም። ጓደኛቸውን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱም።» ሕዝቡ አጉረመረመ፤ አንድ የእድር ሰው ኮቴን ከኋላ ሳበኝ። ወደ እትዬ ወርቄ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አስጠሩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ቀረብኩ። አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙና ቀስ ብለው «ለማናችንም ነው ያልከው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ። ለሻለቃ ግርማም አልነገሯቸውም።»

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ከእኔ ብቻ የደበቀው ይመስለኝ ነበር» አሉና፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣላቸውን ልቅሶ አለቀሱ።

ኮሎኔል፣ የተከበሩ መምህሬ፣ አዝኜብዎታለሁ፤ አኩርፌዎታለሁም። ለሰው ሁሉ መርዶ ሲነግሩ ኖረው የራስዎን የሚነግርልዎ ሰው አጥተው ሄዱ። ያስተማሩኝን፣ ያሳዩኝን መልካም ነገር ሁሉ ለጠየቀኝ እመሰክራለሁ፤ ያላየሁትን አላየሁም እላለሁ። በእትዬ ወርቄ አይዘኑባቸው፤ የፈለጉት ስምዎን ለማዳን ነበር። እኛ ከእንግዲህ አንጠይቅም። ዘውዴን ሲያገኙት ግን፣ ለእኛ ያልነገሩንን ለእሱ ይንገሩት። ደኅና ይሁኑ፣ ጋሼ።