እጥፋት የሌላቸው ጆሮዎቼ

ጆሮዎቼ ከተፈጥሮዬ ትንንሽና ልሙጥ ናቸው። በሰው ሁሉ ጆሮ ላይ የሚታየው ጎድጓዳና እጥፋት የላቸውም። የሰፈሬ ሰው ባቄላ ለጥፎ ነው የሚሄደው ይለኛል። ባቄላም ሆኑ አተር፣ የጎረቤት ሹክሹክታ አያመልጠኝም፤ ስለዚህ አንድም ቀን ጎዶሎ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያፈርኩት የዛሬ ሁለት ዓመት በጌታ ልደት ዕለት ነው። ላሊበላ በዚያ ቀን መዘምራን ለሁለት እንከፈላለን፤ ግማሹ ከገደሉ አፋፍ፣ ግማሹ ታች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቆማል። ላዮቹ ይላሉ፣ እኛ እንቀበላለን። ቃሉም ዜማውም አንድ ነው። አንገት ቀና፣ ዓይን ፊት ለፊት፤ ሽቅብ ማንጋጠጥ ነውር ነው። ላዮቹ ሲጀምሩ አጠገቤ ያሉት የጀመሩ መሰለኝና ድምፄን ለቀቅኩት። ታች ካለነው ሁሉ የምጮኸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያውም አንዴ ቢሆን ጥሩ፤ ሦስቴ ደገምኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዜማ ያስተማሩኝ መሪጌታ አንድ እግር ወደ ኋላ ያፈገፈገ ካዩ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ጆሮዬን ካልታከምኩ ለከርሞ ከረድፉ እንደማልቆም በሰው ፊት ነገሩኝ። አያቴም አባቴም የቆሙበት ረድፍ ነው። ከዚያ መውጣት ለእኔ ከቤት እንደ መባረር ነበር።

ሆስፒታል ሄድኩ። የመረመረችኝ ባለሙያ ማዳመጫ አጥልቃልኝ ስትፈትነኝ ሁሉንም ሰማሁ። የጆሮ ትልቅነት ሰሚ አያደርግም፣ የሚሰማው ውስጡ ነው አለችኝ። ድምፁ ከላይ ይምጣ ከታች የሚያስለየው ግን የውጭው እጥፋት ነው፤ ድምፅ እሱን ነክቶ ሲገባ መልኩ ትንሽ ይለወጣል። እጥፋት የሚያበቅል መድኃኒት ግን አልነበራትም።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ቤታችን ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ከውጭው ደረጃ መሃል ላይ እቆማለሁ፤ ባለቤቴ አንዴ ከፎቁ፣ አንዴ ከምድር ቤቱ በር ታጨበጭባለች። ጎረቤቱ አበደ አለ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከወር በላይ ስሳሳት ቆየሁ። አንድ ቀን ደክሞኝ ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ ትከሻዬ ባዘነብል ነገሩ ተለየልኝ። ግራ ጆሮዬ ሽቅብ ስለዞረ የላዩ ድምፅ በግራ፣ የታቹ በቀኝ ገባ። ባለቤቴ እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች፤ አንዱንም አልሳትኩም። አለቀስኩ፣ ምን አሳፈረኝ።

ለሚቀጥለው ልደት ልምምድ ሲጀመር ሳልጠራ ሄጄ ከኋላው ረድፍ ገባሁ። በየተራዬ በትክክል ተቀበልኩ። መሪጌታው ግን አዩኝና መጥተው ጭንቅላቴን በእጃቸው አነሱት።

“አንገትህን አቅና” አሉኝ።

“የኔታ፣ ካቀናሁት ላዩን ከታቹ አልለይም። ካላመኑኝ ይፈትኑኝ።”

ዓይኔን በነጠላዬ ሸፍነው፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያስጮኹ እስኪበቃቸው ፈተኑኝ። ከዚያ ነጠላውን ገለጡልኝ።

“እንግዲያው እንደ ተጣመምክ ቁም” አሉ፤ ክንዴን ይዘው ከኋላ አወጡኝና ሰው ሁሉ ከሚያየኝ ከፊተኛው ረድፍ አቆሙኝ።